ለኮብልስቶን አዋጡ ተብለናል፣ ቧንቧው ግን ገና አልተቀበረም

የጓሮ ጎመን (ማክሰኞ፣ ማታ 2:40)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የሰፈሩን ስም ልተወው፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅያስ አለን። ቁልቁለት ነው፣ ርዝመቱ 180 ሜትር ገደማ። 46 ቤት እንሆናለን። ዋናው መንገድ ኮሪደር ልማት ደርሶት አምሮበታል፤ ማታ ማታ ሰው ልጆቹን ይዞ መብራት ለማየት ይወጣል። እኛ ግን ሐምሌ ሲገባ አሁንም ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ ቦቲ አድርገን ነው እስከ አስፋልቱ የምንደርሰው። ጥጉ ላይ ያለችው ባለሱቅ አንድ መደርደሪያ ለቦቲ ለይታልናለች። ጠዋት ቦቲ እናስቀምጣለን፣ ማታ እንወስዳለን። አንዳንዴ የሰው ቦቲ አድርጌ ቤቴ እገባለሁ።

ባለፈው እሁድ ከወረዳ መጥተው ሰበሰቡን። ኮብልስቶን ሊነጠፍልን ነው አሉ። ከወጪው ከፊሉን መንግሥት ይችላል፣ የቀረውን ነዋሪው ያዋጣል። በየቤቱ 8 ሺህ ብር። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልተሰበሰበ በጀቱ ወደ ሌላ ቀጠና ይዞራል ተባልን። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ አልዋሽም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የከነከነኝ። የፍሳሽ መስመር የለንም። ሁሉም ቤት ሽንት ቤቱ የራሱ ጉድጓድ ነው፣ ሲሞላ መኪና ጠርተን እናስመጥጣለን። የውሃ ቧንቧውም አርጅቷል፤ በየሁለት ወሩ አንዱ ጋ ይፈነዳል፣ ይቆፈራል። ታዲያ ድንጋዩ ተነጥፎ በዓመቱ ሊፈነቀል ነው? ቅዳሜ ሁለተኛ ስብሰባ አለ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ደግሞ የልማት ኮሚቴው ፀሐፊ አድርገውኛል። ለምን ብትሉ፣ እስክሪብቶ ይዤ የተገኘሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ።

ምን አገባኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:52)

እህቴ፣ ክፈይና ተገላገዪ። ጠያቂ ሆነሽ ከታወቅሽ ነገ መታወቂያ ልታሳድሺ ስትሄጂ "ነገ ተመለሺ" ነው።

ድንጋይ ጠራቢ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:15)

ይሄ የኔ ሙያ ነው፣ ልግባ። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን አራት ዓመት ኮብልስቶን ጠርቤያለሁ፣ አንጥፌያለሁ። አውራ ጣቴ አሁንም ቀጥ ብሎ አይዘረጋም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ድንጋዩ በሁሉም ጎኑ 10 ሳንቲ ገደማ ነው። ከነክፍተቱ በአንድ ካሬ ሜትር 80 ምናምን ድንጋይ ይገባል። ያንቺ ቅያስ 180 ሜትር ከሆነ፣ ስፋቱም 5 ሜትር ቢሆን፣ 900 ካሬ ነው። ከ70 ሺህ ድንጋይ በላይ ማለት ነው። እያንዳንዷ በመዶሻና በመሮ በእጅ የተጠረበች። ይሄን የምነግርሽ ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ ነው።

የመንገዱ ጤና ግን ያለው ከድንጋዩ ሥር ነው። ጭቃ የሚሆነው አፈር ተጠርጎ ይወጣል። ሴሌክት፣ ማለትም የተመረጠ የመሙያ አፈር፣ ይሞላል፣ ውሃ እየጠጣ በሮለር ይጠቀጠቃል። ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋይ። ዳርና ዳሩ በከርብ፣ በጠርዝ ድንጋይ፣ ካልታሰረ የመኪና ጎማ ድንጋዩን ወደ ጎን እየገፋ ይበትነዋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ካልተሠራ ውሃው አሸዋውን ከሥር ጠርጎ ይወስደዋል። ድንጋዩ ላዩን ደህና ይመስላል፣ አንድ ቀን የውሃ ቦቴ ሲያልፍበት ይሰምጣል።

ቧንቧን በተመለከተ ስጋትሽ ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። ኮብልስቶን ከአስፋልት የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ተነስቶ መልሶ ይነጠፋል። ችግሩ የሚያነሳው ሌላ፣ ያነጠፈው ሌላ መሆኑ ነው። ቧንቧ ቀባሪዎች ድንጋዩን ይፈነቅላሉ፣ ቧንቧውን ይቀብራሉ፣ አፈሩን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ ያደርጉና ድንጋዩን ይደረድሩበታል። በመጀመሪያው ክረምት ያ ቦታ ገንዳ ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ "መጀመሪያ ቧንቧ፣ ቀጥሎ ቦይ፣ ከዚያ ድንጋይ" በይ። ከዚህ ቅደም ተከተል ንቅንቅ አትበዪ።

ቁልቁለት ላይ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:40)

እኔ ከታች ያለሁት ሰውዬ ነኝ። በየሰፈሩ አንድ አለን።

የኛ ቅያስ ከሦስት ዓመት በፊት ተነጠፈ። ያምራል፣ አልክድም። ግን አሮጌውን መሬት ሳይቆፍሩ ነው ከላዩ ላይ የሞሉት። መንገዱ ከግቢዬ 30 ሳንቲ ከፍ አለ። ወደ ውጭ የሚከፈተው የብረት በሬ አልከፈት አለ፤ ብየዳ ሠራተኛ ጠርቼ ከታች አስቆረጥኩት። በሩ ሲቆረጥ ደግሞ ለጎርፉ በር ተከፈተለት። ያኔ ዝናቡ ሲመጣ ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ውሃ እኔ ጋ መጣ። ድሮ ጭቃው ይመጥጠው ነበር፤ ድንጋዩ ግን አይመጥም፣ ይሸኛል። ሁለት ክረምት ሙሉ ሳሎን ውስጥ አሸዋ በጆንያ ደርድሬ ነው የኖርኩት።

ስለዚህ እህቴ፣ በመንገድሽ መጨረሻ ያለውን ቤት ፈልጊ። በሩ ስንት ሳንቲ ነው? መንገዱስ ከተነጠፈ በኋላ ስንት ይሆናል? ይሄን ሳይመልሱ ብር አትስጡ።

የጓሮ ጎመን (ማክሰኞ፣ ማታ 3:48)

ወይኔ። መጨረሻ ላይ ያሉት አንዲት እማማ ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በራቸው አሁንም ከመንገዱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

የዕድር ጸሐፊ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20)

ልጄ፣ ደህና አደርሽ። እኔ ስለ ድንጋይ አላውቅም። ስለ ወረቀት ግን ትንሽ አውቃለሁ፤ የዕድር መዝገብ ስጽፍ 27 ዓመት ሆኖኛል።

የልማት መዋጮ አዲስ ነገር አይደለም። ቀበሌ ከተቋቋመበት ከአዋጅ 47/1967 ጀምሮ ሰው ሲያዋጣ ኖሯል። ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሆነ። የዛሬው የቀበሌ ቤት ከዚያ የመጣ ነው። በዚያ ጊዜ የተዋጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ብትጠይቂኝ፣ ግማሹን ድልድዩ ላይ አሳይሻለሁ፣ ግማሹን የት እንዳለ አላውቅም። ወረቀቱ የለማ!

ስለዚህ ፀሐፊ መሆንሽ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ቃለ ጉባኤውን በቦታው ጻፊ፣ በቦታው አንብቢላቸው፣ በቦታው አስፈርሚ። "ቤት ሄጄ እገለብጠዋለሁ" እንዳትዪ፤ ቤት የሄደ ቃለ ጉባኤ ሌላ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ገንዘቡ በሰው ኪስ፣ በሰው ስልክ አይሰብሰብ። ባንክ ይከፈት፣ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ሁለቱ ነዋሪ ይሁኑ። ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ።

ሌላው፣ 46ቱም ቤት እኩል አይደለም። 8 ሺህ ብር ለአንዱ የእራት ግብዣ ነው፣ ለሌላው የሁለት ወር ጡረታ ነው። እኛ ጋ መብራት ስናስገባ የማይችሉትን ስም በይፋ አላነበብንም። ሦስት ሽማግሌ ለብቻ ተቀምጠን ለየን፣ ድርሻቸውን ዕድሩ ቻለ። እማማን አስቡ።

ተከራይ ነኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05)

ማንም የማይጠይቀውን ልጠይቅ። እኛ ግቢ አራት ተከራይ ነን። አከራያችን 8 ሺውን ለአራት ከፍሎ 2 ሺህ 2 ሺህ አምጡ ብሏል። መንገዱ ሲያምር ደግሞ ኪራይ ይጨምራል። ማለትም ኪራዬ እንዲጨምር እኔው ከፍዬ ነው?

ጡረተኛ ኦፊሰር (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8:30)

ወረዳ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። የምችለውን ልመልስ።

ተከራዩ ልጅ፣ ስለ ኪራዩ ብዙ አትስጋ። የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ጭማሪም በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም በሚወጣው ተመን ልክ። "ድንጋይ ተነጠፈ" ምክንያት አይሆንም። ውልህ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ነው ችግሩ። መዋጮው ግን የባለቤቱ ነው። አንተ ትሄዳለህ፣ መንገዱ ለሱ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው። "እስከ ግንቦት መጨረሻ" ለምን እንደተባለ ላስረዳችሁ። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፣ ገንዘብ ያስመለሰ ኃላፊ ደግሞ ግምገማ ላይ ይጠየቃል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የተኛ ሥራ ሚያዝያ ላይ ይነቃል። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ ቁፋሮ የሚጀመረው ልክ ዝናብ ሲጀምር ነው። የተቆፈረው ውሃ ይሞላል፣ ሴሌክቱ ይላቁጣል፣ ሮለሩ ይሰምጣል። እኔ ራሴ በነበርኩበት ጊዜ ሰኔ 20 ላይ በጭቃ ላይ ድንጋይ ሲነጠፍ ቆሜ አይቻለሁ። ፈርሜያለሁም። ዋሽቼ አላውቅም አልልም።

የወረዳው ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። የቧንቧው ዕቅድ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ የመንገዱ በሌላ፣ የመብራት ምሰሶው በሦስተኛ። ወረዳው ሦስቱንም ማዘዝ አይችልም፤ መጠየቅ ግን ይችላል። እናንተ ደግሞ እንዲጠይቅ ማድረግ ትችላላችሁ። እንዲህ አድርጉ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። 46 ፊርማ። "ከንጣፉ በፊት የውሃው መስመር እንዲቀየር፣ ወይም በሚቀጥሉት ዓመታት እንደማይቆፈር በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን" በሉ። ከታች "ግልባጭ" ብላችሁ ክፍለ ከተማውንና የውሃውን መሥሪያ ቤት ጻፉ። ግልባጭ የምትለዋን ቃል አትናቋት። ዋናው ደብዳቤ መሳቢያ ሊገባ ይችላል፤ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ግን መልስ ይፈለግበታል፣ ሌላ ሰው እንዳየው ይታወቃላ።

"ተመራጫችሁን ጠይቁ" የሚላችሁ ካለ ደግሞ፣ በ2013 የመረጥነው የከተማውን ምክር ቤት ነው፣ 138 መቀመጫ ያለውን። የወረዳ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠነው ሚያዝያ 2005 ነበር። ያኔ የመረጣችሁት ሰው አሁን የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ የኔን አላውቀውም።

ዲሲ ሌሊት ፈረቃ (ረቡዕ፣ ማታ 5:10)

ከዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። እዚህ ያለውን ልንገራችሁ፣ ለመመካት አይደለም።

ከተማው በትንንሽ ሰፈር ተከፋፍሏል። በየ2 ሺህ ሰው ገደማ አንድ ኮሚሽነር ይመረጣል፣ ለሁለት ዓመት። ደሞዝ የለውም። ጎረቤትህ ነው፣ ቆሻሻ ሲያወጣ ታገኘዋለህ። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሕንፃ ሲሠራ፣ የከተማው መሥሪያ ቤት የነዚህን ሰዎች ሐሳብ መስማት አለበት። መቀበል ግዴታው አይደለም። ካልተቀበለ ግን ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ይቺ "በጽሑፍ" የምትለው ነገር ናት ሁሉን የምትሠራው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት የመንገዳችን የመኪና ማቆሚያ ሊነሳ ሲል ነው። ታክሲ እነዳ ነበርና ጨነቀኝ። እንግሊዝኛዬ እየተንቀጠቀጠ ተናገርኩ። ማቆሚያው ተነሳ፣ እንዳትጓጉ። ግን ምክንያቱን ጽፈው ሰጡኝ። እስካሁን አለኝ።

ምን አገባኝ (ረቡዕ፣ ማታ 5:24)

ወንድሜ፣ ማቆሚያህ ከተነሳ ወረቀቱ ምን ጠቀመህ? ታቆምበታለህ?

ዲሲ ሌሊት ፈረቃ (ረቡዕ፣ ማታ 5:31)

ሃሃ፣ አላቆምበትም። ግን ወረቀቱ ላይ "ለብስክሌት መስመር" ይላል። በሁለተኛው ዓመት መስመሩ ሳይሠራ ሲቀር፣ ያንኑ ወረቀት ይዘን ሄድን። ሠሩት። ማቆሚያውን ባያስመልስም ባዶውን አልቀረም።

ቁልቁለት ላይ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:00)

ምን አገባኝ፣ አንተ ግን "አያገባኝም" እያልክ ከሁላችንም በላይ ትጽፋለህ።

አስተናባሪ (ሐሙስ፣ ጠዋት 3:10)

የወረዳ ሠራተኛ ስልክ የለጠፈ ሰው ነበር፣ አንስቼዋለሁ። የሰው ስልክ አትለጥፉ። ቀጥሉ።

የጓሮ ጎመን (ቅዳሜ፣ ማታ 1:15)

ከስብሰባው መምጣቴ ነው። ድምፄ ተዘግቷል።

መጀመሪያ ማመልከቻውን አነበብኩ። 41 ፊርማ ነው ያገኘሁት። አምስት ቤት አልፈርምም አሉ፤ አንዱ "ፊርማ የሰጠሁበት ነገር ሁሉ ጦስ ነው ያመጣብኝ" አለኝ፣ አልፈረድኩበትም። ሳነብ ከወረዳ የመጣው ልጅ ስልኩን ያይ ነበር። "ግልባጭ" ስል ቀና አለ። ጋሼ ኦፊሰር፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከዚያ ቀወጢ ሆነ። ግማሹ ሰው በእኔ ላይ ተነሳ። "በአንቺ ጥያቄ ምክንያት በጀቱ ቢሄድስ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባለሱቋ ራሷ፣ ቦቲያችንን የምታስቀምጠው፣ "እኔ ቧንቧ አላውቅም፣ ልጄ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጥርሱ ተሰብሯል፣ ድንጋዩ ነገውኑ ይምጣልኝ" ብላ አለቀሰች። ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሷንም ሐሳብ ጻፍኩት።

በመጨረሻ የተስማማነው ይሄ ነው። ወረዳው ለውሃው ደብዳቤ ይጽፋል፣ በሁለት ሳምንት መልስ ያመጣል። ገንዘቡ ባንክ ይገባል፣ በሦስት ፊርማ፣ ሁለታችን ከነዋሪው። መልሱ ሳይመጣ ከባንክ አንድ ብር አይወጣም። ልጁ በቃሉ "እሺ" አለ። እዚያው ጻፍኩ፣ እዚያው አነበብኩ፣ እዚያው ፈረመ። ማኅተም ግን አልያዝኩም ብሏል፣ ሰኞ ቢሮ ሄጄ አስመታለሁ።

አንድ ሌላ ጉድ ተነሳ። አንድ ጎረቤታችን አጥሩን አንድ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ገፍቶ ኖሯል። መንገዱ ሲለካ አልበቃ አለ። "ካሳ ካልተከፈለኝ አላፈርስም" አለ። ሰው ሊጣላ ደረሰ።

ጡረተኛ ኦፊሰር (ቅዳሜ፣ ማታ 2:30)

ጎበዝ። ሰኞ ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉሻል።

አጥሩን በተመለከተ፣ ካርታውን ያምጣ። ካርታው ውስጥ ያለ አጥር ለሕዝብ ጥቅም ሲነሳ በአዋጅ 1161/2011 ካሳ አለው፣ ያውም ሳይነሳ በፊት። ከካርታው ውጭ ከሆነ የሰፈሩን መንገድ ነው ያጠረው። ያንን የሚለየው ጩኸት ሳይሆን ሜትር ነው።

የዕድር ጸሐፊ (ቅዳሜ፣ ማታ 3:00)

የባለሱቋን መጻፍሽ ደስ ብሎኛል፣ ልጄ። የተቃወመሽንም መጻፍ ነው ፀሐፊነት።

የጓሮ ጎመን (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ማታ 2:10)

ለጠየቃችሁ ሁሉ። ማኅተሙ ተመታ፣ በሦስተኛው ምልልስ። የውሃው መልስም መጣ። ቧንቧውን ይቀይራሉ፣ ግን በዚህ በጀት ዓመት አይደለም፣ ከሐምሌ 1 በኋላ ባለው ነው። ወረዳው ደግሞ የንጣፉን ሥራ ለመስከረም አዛውሮታል። በጀቱ አልሄደም ብለውናል፤ በወረቀት ስጡን ብለናል፤ ይሰጣችኋል ተብለናል። ዞሮ ዞሮ ይሄን ክረምት ቦቲ ነው። ባለሱቋ አሁንም በደንብ አታናግረኝም፣ መደርደሪያውን ግን አላነሳችም።

ባለአጥሩ ሰውዬ ካርታውን አመጣ። ግማሽ ሜትሩ የሱ ነው፣ ግማሹ የመንገድ። ራሱ አፈረሰው፣ ማታ፣ ማንም ሳያየው። የማይችሉ ቤቶችን ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ይዘውታል፤ እኔም ስማቸውን አላውቅም፣ አልጠየቅኩም።

አሁን የቀረው የእማማ በር ነው። ዛሬ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ደፋቸው ከመንገዱ የሚበልጠው 4 ሳንቲ ብቻ ነው። የመጣው መሐንዲስ መንገዱ በ25 ሳንቲ ከፍ ይላል ብሏል። "በርዎ ከታች መቆረጥ ሊኖርበት ነው" ስላቸው ቡናቸውን እያማሰሉ፣ "ይሄን በር ባለቤቴ ነው የገጠመው፤ መንገዱን ቁረጡት" አሉኝ።

ድንጋይ ጠራቢ (ሐሙስ፣ ማታ 2:35)

ልክ ናቸው። እሳቸው ከመሐንዲሱ ይሻላሉ። እታች ያለውን 30 ሜትር ከመሙላት ፋንታ ቆፍሮ ዝቅ ማድረግ ነው። ንጣፉ ከነሴሌክቱና ከነአሸዋው ከደፋቸው በታች እንዲያልቅ ወደ 40 ሳንቲ መውረድ አለበት። ውሃው ታች ካለው ቦይ ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም የሚለው ግን መለካት አለበት።

እሁድ ከሰዓት ሥራ የለኝም። 20 ሜትር ግልፅ የላስቲክ ቱቦና አንድ ባሊ ውሃ አዘጋጂ፣ በሱ ከፍታውን እንለካለን። ችካልና ሲባጎ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ቁልቁለት ላይ (ሐሙስ፣ ማታ 2:41)

እኔም እመጣለሁ። ቱቦው አለኝ፣ ሳሎኔን ውሃ የማወጣበት ነበር።